ከቀኝ የሚመጣው ብርሃን

ታምሲን ጋድስቢ ብሩሿን የምታሾለው በከንፈሯ ነበር። ብዙ ቀቢዎች በጨርቅ ጠርገው ይሠራሉ፤ እሷ ግን የብሩሹን ጫፍ በከንፈሮቿ መሃል አድርጋ አንዴ አዙራ ትስበዋለች። በዚህ ልማዷ የተነሳ ከታችኛው ከንፈሯ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አትጠፋም። ፒርስ ሄዝኮት መጀመሪያ የወደደው ያቺን ነጥብ ነው። ዓይኗንና ሳቋን የወደደው ቆይቶ፣ ነጥቧን እያየ እንደሆነ እንዳይታወቅበት ሌላ ሌላውን ማየት ሲጀምር ነው።

ሥራዋ ትንንሽ የጦር ሰዎችን መቀባት ነው። በጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወቱ ሰዎች ከአውራ ጣት የማይበልጡ የብረት ወታደሮቻቸውን ከየከተማው ይልኩላታል፤ እሷም ስኔንተን ሰፈር፣ በአባቷ ቤት የኋላ ክፍል ተቀምጣ ቀብታ ትመልሳለች። እንዲህ ያሉ ወታደሮች በሚመረቱባት በኖቲንግሃም ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። በመንገዳቸው ካሉት ጎረቤቶች አንዱ ቅርጽ ቀርጿል፣ አንዱ ብረት አፍስሷል፣ አንዷ ሣጥን አሽጋለች። ከሚመጣላት ሥራ የሚበዛው አረንጓዴ ጥሩር ነው። ፒርስም ወደዚያ ቤት የገባው አረንጓዴ ጥሩር የለበሱ ወታደሮቹን ለማስቀባት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን «እኔም ልማር» ብሎ መመላለስ ጀመረ።

«እጅህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው» አለችው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። «ትንፋሽህን ያዝ።»

«ለምን? ይፈነዳል እንዴ?»

«ይበላሻል። ለኔ ከመፈንዳት ይብሳል።»

ወታደሩ አስቀድሞ እንደ ጠርሙስ በጠቆረ አረንጓዴ ተቀብቷል። በየስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ጥቁር ቀለም ፈስሶ ደርቋል። ታምሲን በፈዛዛ አረንጓዴ የነከረችውን ብሩሽ ሰጠችው።

«ሁሉም ቦታ እኩል አረንጓዴ ከሆነ ጭቃ ነው የሚመስለው። ብረት የሚያስመስለው ጠርዙ ነው። ብርሃን የሚያርፈው እዚያ ነው። እንደ ፀጉር ቀጭን አድርገህ ጠርዙን ተከተል። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ቢጫ የቀላቀልኩበትን ጠብ ታደርጋለህ።»

«ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

«አንተ ነህ የምትወስነው። አንዴ ከወሰንክ ግን አትቀይርም።»

ይህን ስትል አላየችውም። እሱ ግን አያት። ብሩሹ አዳልጦት መስመሩ ከወታደሩ ትከሻ ወደ ደረቱ ወረደ።

«ገደልከው» አለች እየሳቀች።

«ቆሰለ እንጂ አልሞተም።»

ግድግዳው ላይ በመስታወት ቁምሣጥን የተደረደረ ሌላ ሠራዊት ነበር፤ ይሄኛውም ከነአዛዡ አረንጓዴ ጥሩር የለበሰ። ፒርስ ብሩሹን አስቀምጦ ተጠጋና ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«የነዚህ ብርሃን ግን ከቀኝ ነው የሚመጣው» አለ። «ያንቺ ሁሉ ከግራ ነው።»

ታምሲን ሳቋን አቆመች። ሠራዊቱን የቀባው ወንድሟ ሮሪ ነበር። ሮሪ በክረምት በረዶ በያዘ መንገድ ላይ ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ ሲሞት እነዚህን ወታደሮች ገና ጨርሶ ማስቀመጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቁምሣጥን ፊት የቆመ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያምራሉ» ይላል፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ያየ ግን አልነበረም።

«ወንድሜ ግራኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «መብራቱን በቀኙ ነበር የሚያስቀምጠው፣ የእጁ ጥላ ሥራው ላይ እንዳያርፍበት። ሁላችንም የምንቀባው መብራታችን ባለበት በኩል ነው። አብረን ስንሠራ መብራቱ ላይ እንጣላ ነበር።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። በሕይወት ሳለ አይቶት የማያውቀውን ወንድሟን ይህ የሰው ልጅ በአንዲት መስመር እንዳወቀው ተሰማት፤ ይህ ስሜት ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሳት ጀመር።

አባቷ ዊልፍ ጋድስቢ እንዲህ በቀላሉ የሚለሰልሱ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀለጠ ብረት ወደ ሻጋታ እያፈሰሱ ትንንሽ ወታደሮችን ያወጡ ነበር፤ የጣቶቻቸው ጫፍ በቃጠሎ ጠባሳ የተሞላ ነው። ሚስታቸውን ቀደም ብለው፣ ልጃቸውን በኋላ ቀብረዋል። አሁን ደግሞ ዓይናቸው ከመሃል እየደበዘዘ ነበር።

«የፓርኩ ልጅ መጣ!» ይላሉ ፒርስ በገባ ቁጥር። ፓርክ ማለት ከከተማው አሮጌ ቤተ መንግሥት ግንብ ሥር ያለው፣ ባለ በር ጠባቂ የሀብታሞች ሰፈር ነው። «ጫማህን አታውልቅ። ጫማህ ምንጣፋችንን አያቆሽሸውም፤ ምንጣፋችን ነው ካልሲህን የሚያቆሽሸው።»

«ካልሲዬም ቀዳዳ ነው፣ ሚስተር ጋድስቢ።»

«እሱንስ በገንዘብ ነው ያስቀደድከው።»

ይሳሳቃሉ። አተር በናና ስጎ አብረው ይበላሉ። ግን ሽማግሌው ሳቃቸውን ሲጨርሱ ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ይሄዳል። ፒርስ ከገና በኋላ በኤዲንብራ ሙዚየም ሥራ እንደሚጀምር ያውቃሉ። ታምሲንም አብራው ልትሄድ እንደተስማማች ያውቃሉ። «ሂጂ» ብለዋታል። ያሉት ግን ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ወንበራቸውን ጨብጠው ነበር።

የፒርስ እናትም ቢሆኑ ለልጃቸው ሌላ አስበው ነበር። ታምሲንን እራት የጋበዟት ቀን፣ ሾርባው ሳይነሳ፣ «ታዲያ ውዴ፣ ከአሻንጉሊቶቹ ሌላ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት።

«አሻንጉሊትስ አይደሉም፣ ሚሲስ ሄዝኮት። አሻንጉሊት ሲሰበር ልጅ ነው የሚያለቅሰው። የኔዎቹ ሲሰበሩ ሐኪሞችና ጠበቆች ናቸው የሚያለቅሱት።»

አባትዬው ጠበቃ ነበሩና በሳቅ ትን አላቸው። ፒርስ ግን የታምሲን ጣቶች ናፕኪኑን ከጠረጴዛው በታች ሲያጨማድዱ አየ። ያን ምሽት ወደ ቤቷ ሲሸኛት እጇን ሰጠችው እንጂ አንድም ቃል አልሰጠችውም፤ ልቡ ውስጥ አንድ ፍርሃት ተቀመጠ።

* * *

ሮሪ ሠራዊቱን ቀባ እንጂ ቀለሙን የሚጠብቀውን ቫርኒሽ ለመንፋት ዕድሜ አላገኘም። ቫርኒሽ ያልተነፋበት ቀለም ደግሞ እጅ ሲነካካው ተፍቆ ያልቃል። ዊልፍ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ አዛዡን ከቁምሣጥኑ አውጥተው፣ ትከሻውን በአውራ ጣታቸው ይዘው እሳቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። አይናገሩም። ይዘውት ይቀመጣሉ ብቻ። ታምሲን ወደ ኤዲንብራ ከሄደች በኋላ እሁዶቹ እንደሚበዙ ታውቃለች። ሳትሄድ የወንድሟን ሥራ በቫርኒሽ ልትሸፍነው ወሰነች። አባቷን ብትጠይቅ እንደማይፈቅዱም ታውቃለች። «ማንም አይነካቸውም» ካሉ ቆይተዋል።

ስለዚህ አባቷ ለዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ከጎረቤት ጋር የወጡበትን ከሰዓት በኋላ ጠበቀች። ኅዳር ነበር። ከትሬንት ወንዝ የተነሳው ጭጋግ የጓሮውን ግንብ አርጥቦት ነበር። ቫርኒሽ በርጥበት አይነፋም፤ ታምሲን ይህን ለጀማሪዎች ስትናገር የኖረች ናት። ያን ቀን ግን ሰማዩን ቀና ብላ አይታ፣ «ትንሽ ነው፣ ቶሎ ከነፋሁት ይደርቃል» አለች። ሌላ ቀን የሚኖር አልመሰላትም። በልቧ ውስጥ የኤዲንብራ ባቡር መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

ወታደሮቹን ሳንቃ ላይ ደርድራ ነፋችባቸው። ወደ ወጥ ቤት አስገብታ ጥቂት ቆይታ ስትመለስ አረንጓዴው አልነበረም።

በመጀመሪያ አምፖሉ የደከመ መሰላት። ከዚያ አንዱን አነሳች። ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው አመዳይ የወረደበት ይመስላል፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ የሞተ። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን ማንሳት አላስፈለጋትም። ርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ገብቶ ከነቀለሙ፣ ከነመስመሩ፣ ከነብርሃኑ ጋርዶት ነበር።

የጎረቤትየው መኪና በር ሲዘጋ ሰማች። ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች አንድ በአንድ ወደ ቁምሣጥኑ መለሰቻቸው።

ዊልፍ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ሐኪሙ ጥሩ ነገር እንዳልነገራቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቅ ነበር። በቀጥታ ወደ ቁምሣጥኑ ሄደው አዛዡን አወጡት። ወደ መስኮቱ አስጠግተው ያዙት። አውራ ጣታቸው ትከሻው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ።

«ይኸው» አሉ። «መጣ።»

«አባዬ...»

«ሐኪሙ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው ብሎኝ ነበር። አረንጓዴው ሄዷል። ነጭ ነው የሚታየኝ። ሁሉም ነጭ ነው።»

ታምሲን አፏን ከፈተች። አባቷ አዛዡን መልሰው፣ መስታወቱን ዘግተው፣ በዳሰሳ ወደ ወንበራቸው ሲሄዱ አየቻቸው። ዝምታዋ ከቫርኒሹ በላይ ሲነጣባት ተሰማት።

* * *

ለፒርስ የደረሰው ደብዳቤ አጭር ነበር። «ኤዲንብራ አልሄድም። ምክንያቱን አትጠይቀኝ። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም፤ ይህን እመነኝ። ታምሲን።»

ፒርስ የመጨረሻውን አላመነም። ደብዳቤውን ይዞ እናቱ ወደተቀመጡበት ክፍል ገባ።

«ያን ቀን ሥራዋን አሻንጉሊት ያልሽው አልበቃ ብሎሽ ሌላ የነገርሻት ነገር አለ?»

«ምን ነካህ? ስለ ሥራዋ ነው የጠየቅኳት!»

«እንዴት እንደጠየቅሻት ታውቂያለሽ፣ እማዬ።»

እናቱ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የማያውቁትን ነገር አሳንሰው መጥራት የለመዱ ነበሩ እንጂ። «አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ምሽት መልሷን ሰምቼ ወድጃት ነበር። አባትህ ፊት ይህን ማለት አቅቶኝ ነው። ሂድና ንገራት።»

ፒርስ ይህን ይቅርታ እንደ ስጦታ ይዞ ሄደ። በጓሮው በር ገብቶ ወጥ ቤቱን አንኳኳ። ታምሲን ከፈተችለት። ቀጥናለች። ከንፈሯ ላይ ነጥብ አልነበረም።

«እናቴ...» ሲል ጀመረ፤ በክፍት በር የኋላው ክፍል ቁምሣጥን ታየው። ንግግሩ ተቋረጠ። «ምን ሆነው ነው?»

«ቀስ በል። አባቴ ፎቅ ላይ ተኝቷል።»

ነገረችው። ሹክሹክታዋ እኩል ነበር፤ የሌላ ሰው ታሪክ የምትነግር ይመስል ነበር።

«ዓይኑ የጠፋ መስሎታል» አለች።

«ንገሪው።»

«ብነግረው ሮሪን ሁለተኛ ጊዜ እቀብርበታለሁ። ካልነገርኩት የሚያጣው ዓይኑን ብቻ ነው። ዓይኑን እንደሚያጣ ደግሞ አስቀድሞ ነግረውታል፣ ተዘጋጅቶበታል።»

«የሚመለስበት መንገድ የለም?»

«ዘይት ሲያብሱት አረንጓዴው ይመለሳል ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከነቀለሙ ይላጣል ይላሉ። በየትኛው ልሞክር? የትኛውን ልላጥ ፒርስ? አንተ ምረጥልኝ።»

ፒርስ መምረጥ አልቻለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ያዘ።

«አንቺስ?»

«እኔ ዓይኑ እሆናለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ላንተ ቸኩዬ ነው ያጠፋሁት፤ አንተን ባየሁ ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ።»

ይህ ቃል ወጋው። ግን ፒርስ ሲወጋ የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ ቁስሉን ይዞ የሌላውን ቁስል ያስባል።

«አልነግረውም» አለ። «የምትነግሪውም የምትደብቂውም አንቺ ነሽ። እሱ ፊት ተቀምጬ ስለ ዓይኑ 'አይዞዎት' ማለት ግን አልችልም። ያ ከኔ አይወጣም።»

«እንግዲያው አትምጣ።»

«ደብዳቤሽ ስለ እናቴ መስሎኝ ነበር።»

ታምሲን ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከዓይኗ አልደረሰም። «ስለ እናትህ ቢሆንማ እንዴት በቀለለኝ።»

በሩን ዘጋችው። ከበሩ ወዲያና ወዲህ ሁለቱም ቆመው፣ እንጨቱ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ነበር፤ አንዱ የሌላውን አላወቀም። ያም ቀን እንደዚያ መሸ።

* * *

የገና በዓል በዚያ ቤት አለፈ ለማለት ያህል አለፈ። ታምሲን ለአባቷ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፣ ሻዩን ወተት ጨምራ እጃቸው ላይ ታስይዛቸዋለች፣ ደረጃውን ሲወጡም ሲወርዱም ክንዳቸውን ትይዛለች። ብሩሽ መንካት አቁማለች። የሰው ወታደሮች በሣጥናቸው ውስጥ ግማሽ ተቀብተው ቀሩ።

አንድ ጠዋት ሽማግሌው ከወንበራቸው ቀና ብለው፣ «የእናትሽን ቀይ ሻርፕ ለበስሽ» አሏት።

ደነገጠች። ከዚያ ሻርፑ ከሣጥን የወጣ መሆኑን አስታውሳ፣ ሽታው ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ፒርስ ወደ ኤዲንብራ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ መጣ። በዚህኛው ጊዜ በጓሮ አልገባም፤ የፊቱን በር አንኳኳ። ለታምሲን አልነበረም የመጣው። ያንን ሽማግሌ ሳይሰናበት መሄድ ነውር መስሎ ስለታየው ነው።

«ማነው?» አሉ ዊልፍ። «የፓርኩ ልጅ ነህ? ጫማህን...» ቀልዱን አልጨረሱትም። «ግባ፣ ተቀመጥ።»

አዛዡ በእጃቸው ነበር፤ አመዳይ እንደለበሰ። ታምሲን ሻይ ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ፒርስን አየችው፤ ዓይኗን ቶሎ ሰበረች።

«ነገ ትሄዳለህ አሉ።»

«አዎ፣ ሚስተር ጋድስቢ። ልሰናበትዎ ነው የመጣሁት።»

«እሷን ትተህ።»

«መቅረት የመረጠችው እሷ ናት።»

«ለምን?»

ፒርስ ዓይኑን ወደ ጋዙ ምድጃ መለሰ። ሽማግሌው አዛዡን ዘረጉለት።

«ዓይንህ መቼም ደህና ነው። እንካ፣ ያዘው። ቀለሙ ምንድን ነው?»

ታምሲን ከበሩ ራሷን ነቀነቀች። ከንፈሯ «አረንጓዴ» የሚል ቃል ያለ ድምፅ ሠራ። ይህን ሰው በዚህ ቃል ለዘላለም ልታመሰግነው ዝግጁ እንደሆነች፣ ሌላ ቃል ከተናገረ ደግሞ ለዘላለም እንደምትጠላው ዓይኗ ይናገር ነበር። ፒርስ አነበበው። ትንሹን አዛዥ በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ነጭ ነው። «አረንጓዴ» ማለት አንድ ቃል ነው፤ «ነጭ» ማለትም አንድ ቃል ነው። ሁለቱም አፉ ውስጥ መረሩት።

አዛዡን ቀስ አድርጎ የሽማግሌው መዳፍ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ይህን እኔ ልመልስልዎት አልችልም» አለ። «ለእርስዎ አልዋሽም፤ እሷንም አሳልፌ አልሰጥም። ልጅዎን ይጠይቁ።»

ዊልፍ ጋድስቢ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደ ማንም ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ታምሲን። ዘይት አምጪ።»

«ምን?»

«የምግብ ዘይት። ምድጃው አጠገብ ያለውን። ለስላሳ ጨርቅም ያዥ።»

ሻዩ በጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነበር፤ አልተሰማትም።

«ታውቅ ነበር» አለች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አመዳይ የያዘ ቫርኒሽ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሻክራል። ጣቴ ነው የነገረኝ። ቀለምም ቢሆን ገና ለይቼ አያለሁ፤ የጠፋብኝ ቀጭን ቀጭኑ ነው።»

«ሻርፑን አይተኸው ነበር!»

«አየሁት። እናትሽን መሰልሽኝ።»

«እኔ እኮ በየቀኑ ክንድህን ይዤ...» ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ደረጃው ላይ ጎንበስ ብዬ እግርህን በእጄ እያስረገጥኩህ! ለምን? ለምን እንደዚህ አደረግከኝ?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ለመከላከል አልሞከሩም።

«መጀመሪያ ላንቺ ብዬ ነበር። ስገባ ፊትሽን አየሁት፤ አመድ ሆኗል። ዓይኔ ነው ብዬ ልሸፍንልሽ አልኩ። ማታውን እውነቱን ነግሬሽ አብረን ልንስቅ አስቤ ነበር። ማታ ግን መጥተሽ 'አባዬ፣ አልሄድም' አልሽኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ ወዲያ ያለው ለኔ ነው። ቤቱ ባዶ እንዳይሆን። ሌላ ስም የለውም፣ የኔ ልጅ። ይሄ ልጅ ለአንድ ጥያቄ መዋሸት አቃተው። እኔ ስንት ሳምንት ሙሉ ዋሸሁሽ።»

ታምሲን ወደ ወጥ ቤት ገባች። ፒርስ የኋላ በር ሲከፈት የሚሰማ መስሎት ጠበቀ። የተከፈተው የወጥ ቤቱ ቁምሣጥን ነበር። ዘይቱንና ጨርቁን ይዛ ተመለሰች። አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ጨርቁን ነከረችላቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየችም። ይቅር አላለቻቸውም። እጆቿ ሥራ ስለሚፈልጉ ነበር።

ዊልፍ አበሱት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከደረቱ መሃል፣ ከጭጋግ ውስጥ ወንዝ እንደሚታይ፣ ጥቁር አረንጓዴ ብቅ አለ። ወደ ክንዱ ሄደ። ወደ ራስ ቁሩ ወጣ። ሮሪ ከመሞቱ በፊት የቀላቀለው፣ ማንም ሌላ ሰው መልሶ ሊያገኘው ያልቻለው ያ አረንጓዴ። ጉልበቱ ላይ ሲደርሱ ግን ጨርቁ ላይ ትንሽ ቀለም ተነስቶ መጣ፤ ግራጫው ብረት ታየ።

«ጉልበቱ ላይ ተላጠ፣ አባዬ» አለች ታምሲን።

«እሺ» አሉ። ማበስ አቆሙ። «መስመሩስ? ትከሻው ላይ ያለው የልጄ መስመር አለ? እሱን ማየት አልችልም።»

ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ከውጭ ቀኑ እየመሸ ነበር። «አለ» ብትል ማንም አያውቅባትም። ፒርስ እንኳ ከዚያ ርቀት አያይም።

«የለም» አለች።

«ቫርኒሹ ነው?»

እዚህ ላይ «አዎ» ብትል ጥፋቱን ለራሷ ትወስዳለች፤ ይህም ውሸት አንድ ዓይነት ፍቅር ይሆን ነበር። ተመልሳ ተንበረከከች፤ ጠባሳ የሞላውን አውራ ጣታቸውን ያዘች።

«አይደለም። ይሄ ነው። እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ የምትይዘው። ብዙ ጊዜ ሆኖታል፣ ልነግርህ አልቻልኩም።»

ዊልፍ ጋድስቢ በልጃቸው ቀብር ላይ አላለቀሱም ነበር። አሁንም ድምፅ አላሰሙም፤ አገጫቸው ብቻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እኔ ነኛ» አሉ። «በየእሁዱ ስጨርሰው የኖርኩት እኔ።»

ማንም አላጽናናቸውም። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ።

«ቅቢው» አሉ በመጨረሻ።

«የሮሪን?»

«ቅቢውና ሂጂ። በውሸት ይዤሽ ነበር። እውነቱን ተናግሬ ደግሞ ልይዝሽ አልፈልግም።»

ታምሲን ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠች። አቧራ የያዘውን ፈዛዛ አረንጓዴ ከፈተች፤ ቢጫ ጠብታ ቀላቀለች። ብሩሿን በከንፈሮቿ መሃል አድርጋ አዙራ ሳበችው። መብራቱ እንደ ድሮው በግራዋ በርቷል። ብሩሹን አስጠግታ እጇን ገታች፤ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች፣ ግን ምን እንደሆነ ማሰብ አቃታት።

ፒርስ አንድም ቃል ሳይናገር መብራቱን አነሳ። በጀርባዋ አዙሮ በቀኟ በኩል ያዘው።

ብርሃኑ ሮሪ ዘንድ ይመጣ ከነበረበት መጣ። የታምሲን እጅ ጥላ ግን ትከሻው ላይ አረፈ፤ ልትቀባው የሚገባውን ጠርዝ የምትሸፍነው የራሷ እጅ ሆነች። ግራኝ ላልሆነ ሰው ከቀኝ በሚመጣ ብርሃን መሥራት እንዲህ ነው። ትንፋሿን ይዛ፣ በራሷ ጥላ ውስጥ፣ ጠርዙን በትዝታ እየተከተለች አንዲት መስመር ሳበች። ትንሽ ተንቀጠቀጠች። የሮሪ መስመር አልተንቀጠቀጠም ነበር። ሁለተኛ አልደገመችውም።

«ከየት በኩል ነው?» አሉ ዊልፍ ከወንበራቸው።

«ከቀኝ ነው፣ አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አዛዡን እጃቸው ላይ ስታስቀምጥላቸው በእግሩ ያዙት፤ ትከሻውን አልነኩም። ያን ትከሻ ዳግመኛ ላለመንካት ምን ያህል እየታገሉ እንደሆነ ሁለቱም አዩ፣ ሁለቱም ዞር አሉ።

«ነገ አብሬህ አልሄድም» አለችው ታምሲን ለፒርስ። «ሌሎቹ ገና ነጭ ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ሁሉም አይመለሱም። እሱንም ገና ይቅር አላልኩትም። ራሴንም።»

«አውቃለሁ።»

«ስጨርስ ግን እመጣለሁ። ይህን የምልህ ተገድጄ አይደለም፤ የሚያስቀረኝ ውሸትም ከዛሬ ወዲያ የለም። ትጠብቀኛለህ?»

ፒርስ መብራቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ፊቷን አየ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ ከታችኛው ከንፈሯ ጥግ፣ ያቺ አረንጓዴ ነጥብ ተመልሳ ነበር። ከነጥቧ ሥር አንድ ዕንባ መጥቶ ቆመ። ክንዱ ዝሎ ነበር፤ ብርሃኑን ግን ከቀኝ እንዳይናወጥ አድርጎ እንደያዘ ቀረ።